የተራበች ላምና የሚሞቀው ዓለም

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ከፋብሪካው ጭስ፣ ከአውቶሞቢሉና ከአውሮፕላኑ ጎን አንዲት ሌላ ተከሳሽ ለፍርድ ስትቀርብ ይታያል። ተከሳሿ ላም ናት። ክሱ መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁንና ክሱ እውነት መሆኑ አንድ ነገር ሲሆን፣ በማን ላይ፣ በምን ሚዛንና ከምን መፍትሔ ጋር እንደሚቀርብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዓመት ከ10 ሺህ ኪሎ በላይ ወተት የምትታለበው የዴንማርክ ላምና በሰሜን ሸዋ ደጋ የጤፍ ጭድ ስትቆረጥም የምትከርመው ላም ባንድ ሚዛን ከተመዘኑ፣ መመርመር ያለበት በመጀመሪያ ሚዛኑ ራሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የከብትን መኖ በመለወጥ የሙቀት አማቂ ጋዝን መቀነስ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ነገር ግን ማንኛውም ሳይንሳዊ ሐሳብ ከተጨባጭ ሁኔታ ጋር ሳይገናዘብ እንዳለ ሲገለበጥ ባዶ መፈክር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመነሻው መጨበጥ ያለበት ቁም ነገር ይህ ነው፤ በበለጸጉት ሀገሮች የሚቴን ጥያቄ የጠገበች ላም ጥያቄ ሲሆን፣ በእኛ ሀገር ግን የተራበች ላም ጥያቄ ነው። ለሁለቱ የሚሰጠው መድኃኒትም አንድ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ

የሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ትልቅ ማብላያ ነው። ሊጥ በቡሃቃ ውስጥ እንደሚቦካ ሁሉ ላሟ የዋጠችው ሣርና ገለባም በጨጓራዋ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ይቦካል። የሰው ሆድ ሊፈጨው የማይችለው ጭድ ወደ ወተት፣ ወደ ሥጋና ወደ ጉልበት የሚለወጠው በዚህ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ሂደት ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራሉ፤ ሌሎች ተሕዋስያን ደግሞ እነዚህን አዋሕደው ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይሠራሉ። ጋዙም ብዙዎች እንደሚቀልዱት በኋላዋ ሳይሆን በአብዛኛው በአፏ፣ በግሳት ይወጣል።

ሚቴን በአየር ውስጥ የሚቆየው ለ12 ዓመታት ገደማ ብቻ ነው። በቆይታው ግን ብርቱ ነው። በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር በ100 ዓመት ስሌት 27 እጥፍ፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ 80 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። ዕድሜው አጭር በመሆኑም ልቀቱ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ በዚሁ ትውልድ ዘመን ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የ2015ን ሁኔታ መነሻ በማድረግ፣ በሰው ልጅ ሥራ ምክንያት ወደ አየር ከሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ ከመቶ 12 ያህሉ ከእንስሳት እርባታ የሚመጣ መሆኑን ገልጿል። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ከመቶ 62 ያህሉ የዳልጋ ከብት ድርሻ ነው።

ነገሩ ከአየሩ ሌላ ለበረቱም የሚተርፍ ቁም ነገር አለው። አንዲት ላም ከበላችው መኖ ኃይል ውስጥ እንደ መኖው ዓይነት ከመቶ 2 እስከ 12 እጁ ሚቴን ሆኖ ይጠፋል። ሚቴን ማለት እንግዲህ ወተት ወይም ሥጋ ወይም የእርሻ ጉልበት መሆን ሲገባው በአየር ላይ የቀረ መኖ ማለት ነው። መኖው ጠንካራና ገለባ በበዛበት መጠን ብክነቱ ይጨምራል፤ ለስለስ ያለና የተመጣጠነ በሆነ መጠን ይቀንሳል። ከዚህ የምንረዳው የገበሬው ጥቅምና የአየሩ ጥቅም በተፈጥሯቸው የሚጋጩ አለመሆናቸውን ነው። የሚያጋጯቸው ወይም የሚያስታርቋቸው የምንመርጠው መንገድና የወጪው ከፋይ ማንነት ናቸው።

የበለጸጉት ሀገሮች መንገድ

በበለጸጉት ሀገሮች የተያዘው ዋናው መንገድ በመኖ ውስጥ የሚጨመር ንጥረ ነገር ነው። ከእነዚህም መካከል በገበያ ስሙ ቦቬር የተባለው ዱቄት በሰፊው ይታወቃል። ዱቄቱ ሚቴን ለመሥራት የሚያስፈልገውን የተሕዋስያን ኤንዛይም ሥራ ያግዳል። ለአንዲት ላም በቀን የሚያስፈልገው መጠን ከሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ሲሆን፣ በወተት ላሞች ላይ ልቀቱን ከመቶ 30 ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ ሙከራዎች ታይቷል። ብራዚልና ቺሌ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2022፣ አሜሪካ ደግሞ በ2024 አገልግሎት ላይ እንዲውል ፈቅደዋል። ሁለተኛው ተስፋ የተጣለበት በሞቃት ባሕሮች የሚበቅል ቀይ የባሕር አረም ነው። በአንዳንድ ሙከራዎች ልቀቱን ከመቶ 80 በላይ ቀንሷል፤ ነገር ግን ኃይሉን የሚያገኘው ብሮሞፎርም ከተባለ ቅመም በመሆኑ፣ የከብቱንና የተጠቃሚውን ጤና በተመለከተ ጥብቅ ምርመራ ይጠይቃል። ሦስተኛው በመኖው ውስጥ የቅባት መጠንን መጨመር ነው።

ዴንማርክ ይህን ጉዳይ ከሁሉም በላይ ወደ ሕግ ደረጃ ያደረሰች ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረሰው ስምምነት መሠረት ከ2030 ጀምሮ በከብት ልቀት ላይ ግብር ይጣላል። ግብሩ በአንድ ቶን 300 ክሮነር ተብሎ በ2035 ወደ 750 የሚያድግ ሲሆን፣ ከመቶ 60 ቅናሽ ስለሚታሰብለት ገበሬው በእጁ የሚከፍለው 120፣ በኋላም 300 ክሮነር ይሆናል። ከዚሁ ጋር ከ50 በላይ የወተት ላሞች ያሉት ገበሬ ከ2025 ጀምሮ ወይ በዓመት ቢያንስ 80 ቀን ዱቄቱን እንዲቀላቅል፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ የመኖውን ቅባት እንዲጨምር ግዴታ ተጣለበት።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በ2025 ጥቅምትና ኅዳር ገደማ ብዙ ገበሬዎች ዱቄቱን መቀላቀል ሲጀምሩ፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ላሞቻቸው መብላት እንደቀነሱ፣ ወተታቸው እንደወረደና እንደታመሙ አስታወቁ። የሀገሪቱም ባለሥልጣኖች ላሞቹ የታመሙበት ገበሬ መቀላቀሉን ሊያቆም እንደሚችል ገልጸው ጉዳዩ እንዲጠና አደረጉ። ከዚያ በፊት በ2024 ኅዳር በብሪታንያ በ30 ያህል እርሻዎች ሙከራ ሊጀመር መሆኑ ሲነገር፣ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ወተቱ ለተጠቃሚው ደኅና ነው ቢሉም፣ ወተቱን ወደ ማጠቢያ ገንዳ ሲደፉ ራሳቸውን በፊልም ያነሡ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሳይንስ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። እንዲህ ያለው ድምዳሜ የድንቁርና በር ከፋች ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ አምራቹና ተጠቃሚው ሳይመክሩበት፣ ሳያምኑበትና በገዛ በረታቸው ሳይፈትኑት ከላይ የሚወርድ መፍትሔ፣ በቤተ ሙከራ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ በሜዳ ላይ ይሰናከላል። ዴንማርክን በመሰለች፣ እያንዳንዷ ላም በኮምፒውተር በተመዘገበችባት ሀገር ይህ ከሆነ፣ በሌላው ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቀደመ መሰናክል አለ። ዱቄቱ የሚሠራው በየዕለቱ፣ በተመጠነ ልክ፣ ከተቀላቀለ መኖ ጋር ሲሰጥ ነው። በጋጣዋ ቆማ የተዘጋጀ ቅይጥ ለምትመገብ ላም ይስማማል። ጠዋት ወጥታ ማታ ለምትገባ፣ በግጦሽና በአውድማ ቃርሚያ ለምታድር ላም ግን ማን፣ በምን ውስጥ፣ ስንት ጊዜ ይቀላቅልላታል?

የእኛ ላም ምን ትበላለች?

ኢትዮጵያ በ70 ሚሊዮን በሚቆጠር የዳልጋ ከብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የዚህ ሁሉ ከብት ቀለብ ከየት ይመጣል? በየዓመቱ የተካሄዱ የግብርና ናሙና ቆጠራዎች እንዳሳዩት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው፤ የተሻሻለ የመኖ ተክል ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የጨጓራ ተሕዋስያን በወጉ ይሠሩ ዘንድ መኖው ከመቶ 7 ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የእህል ጭድ ያለው በአብዛኛው ከመቶ 3 እስከ 5 ነው። ስለዚህ ላሟ ሆዷ ሞልቶም ትራባለች።

ናይሮቢ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ በቦረና ዝርያ ወይፈኖች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ ጥናት አንድ ትልቅ ቁም ነገር አሳይቷል። ወይፈኖቹ ለመኖር ከሚያስፈልጋቸው በታች በተመገቡ ጊዜ፣ ከበሉት ከእያንዳንዱ ኪሎ መኖ የሚወጣው ሚቴን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ረሃብ አየሩንም አያድንም ማለት ነው።

የምግብና የእርሻ ድርጅት ከኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የወተት ከብት በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት ደግሞ ጉዳዩን በአኃዝ ይገልጠዋል። ለአንድ ኪሎ ወተት የሚለቀቀው ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲተመን፣ በአርብቶ አደሩ ዘንድ ከ44 ኪሎ በላይ፣ እህልና ከብት አጣምሮ በሚያመርተው ገበሬ ዘንድ 19 ኪሎ ገደማ፣ በአነስተኛ የገበያ ወተት አምራቾች ዘንድ ከ9 ኪሎ በታች፣ በመካከለኞቹ ዘንድ ደግሞ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት የፈጠረው ምንድን ነው? የዝርያና የጤና ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው መኖ ነው። የአገር ላም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ በቀን የምትታለበውም በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። እስክትወልድና እስክትታለብ ድረስ ትበላለች፤ ታገሳለች። ያ ሁሉ ዘመን በጥቂቷ ወተት ላይ ይታሰባል።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በነፍስ ወከፍ ከታየ የአውሮፓዋ የወተት ላም የምትለቀው ሚቴን የእኛይቱን እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የእኛይቱ በደለኛ ሆና የምትታየው በወተት ሲካፈል ብቻ ነው። የእኛ ላም ደግሞ የወተት ፋብሪካ ብቻ አይደለችም፤ በሬ ትወልዳለች፣ ኩበትና ፍግ ትሰጣለች፣ በክፉ ቀን ተሸጣ ልጅ ታሳክማለች። ይህን ሁሉ ሥራዋን በዜሮ አስቦ በወተቷ ብቻ የሚፈርዳት ስሌት ጎደሎ ስሌት ነው። በሌላ በኩል ስሌቱ ጎደሎ ነው ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ ላሟንም ባለቤቷንም በረሃብ ላይ መተው ነው።

ጭዱ፣ ፋጉሎውና ባለቤታቸው

በመኖ ረገድ ሊደረግ የሚችለው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። ጭድን በዩሪያ ማከም ከቀላሎቹ አንዱ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ገደማ ዩሪያ በውሃ ተሟሙቶ ይረጭና አየር እንዳይገባው በላስቲክ ታሽጎ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ጭዱ ይለሰልሳል፤ ፕሮቲኑም ይጨምራል። መጠኑ ከበዛ ወይም ዩሪያው በጥሬው ከተበላ ከብት ይገድላልና፣ ሥራው ባለሙያ ሊያሳየው ይገባል። በእርከን ላይ የደሾና የዝሆኔ ሣር፣ በማሳ ዳርና በጓሮ ሰስባኒያና ሉሰርን መትከል ሁለተኛው ነው። ይህ መኖም የአፈር ዘብም ነው። ሦስተኛው የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የቢራ አተላና የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው። ፋጉሎው ፕሮቲንም ጥቂት ቅባትም ስላለው፣ ዴንማርኮች በሕግ ከሚያዙት ቅባት ጋር የሚቀራረብ ጥቅም በገዛ እጃችን አለ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ላሟ ለምን ተራበች? መልሱ ከዕውቀት ማነስ ብቻ አይገኝም። ዩሪያው ለማሳ እንኳ በወቅቱ መድረሱ የሚያስጨንቀው ገበሬ ለጭድ አያውለውም። ጭዱም ራሱ ተሻሚ ብዙ ነው፤ ለጭቃ ቤት ይቦካል፣ በከተማ ይሸጣል። ፍጉ ወደ ማሳ መመለስ ሲገባው ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ አፈሩ ሲደክም ሰብሉም ጭዱም ይቀንሳል። ፋጉሎና ፉርሽካ ደግሞ ከፋብሪካ ወጥተው ገበሬው ዘንድ እስኪደርሱ በስንት እጅ ያልፋሉ! በየእጁ ዋጋው ይጨምራል፤ ወተቱ ግን በጾም ወራት ገዢ ያጣል። መኖ በውድ ገዝቶ ወተት በርካሽ የሚሸጥ አምራች ላሙን ቢያስርብ ኋላ ቀር ነው ተብሎ አይወቀስም፤ ሒሳቡን አስልቷል።

የጥራቱም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በተሰበሰበ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። ዋናው ምንጩም የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። በእርጥብ መጋዘን የተከማቸ ፋጉሎ ሚቴን ቢቀንስም ሕፃን የሚመርዝ ከሆነ ልማት ሊባል አይችልም።

ሌላው መነገር ያለበት የሥራው ሸክም የማን እንደሆነ ነው። ሣር አጭዳ፣ ተሸክማ፣ ለላሟ የምታቀርበው፣ በረት የምትጠርገውና የምታልበው በአብዛኛው ሴቷ ናት። ግጦሽ ቀርቶ ከብት ታስሮ ይቀለብ ሲባል የሥራ ቀኗ ይረዝማል። ከወተቱ ሽያጭ የሚገባው ገንዘብ በእጇ ካልዋለ፣ ለአየር ንብረት የሚከፈለው ዋጋ በእሷ ወገብ ላይ ተጣለ ማለት ነው።

ዋናው ቅራኔ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንምጣ። አሥር ላሞች በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቢታለቡ 15 ሊትር ይሆናል። ሦስት ላሞች በደንብ ተመግበው አምስት አምስት ሊትር ቢሰጡም ያው 15 ሊትር ነው። በእያንዳንዷ ላም የሚወጣው ሚቴን ጥቂት ቢጨምርም የሦስቱ ድምር ከአሥሩ እጅግ ያንሳል። ስሌቱ ያማረ ነው። ጥያቄው ግን ሰባቱን ላሞች የሚለቅ ማነው? የሚል ነው። ገበሬው መኖውን አሻሽሎ አሥሩንም ቢያቆይ፣ ወተቱ ይጨምራል፤ ጋዙም አብሮ ይጨምራል። በመኖ ብቻ ልቀት ይቀንሳል ማለት እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው።

ገበሬው ከብት የሚያበዛው ለኩራት ብቻ ነው የሚለው አባባል ተጨባጩን ሁኔታ ካለመረዳት ይመነጫል። ሁለት በሬ ለማጥመድ ወላጇን፣ ጊደሯንና ወይፈኑን መያዝ አለበት። ባንክ በሌለበት ቁጠባው በረቱ ነው። መድን በሌለበት መድኑ የከብቱ ብዛት ነው። በቦረና ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀርና ድርቁ እስከ 2015 ዓ.ም ሲዘልቅ፣ በሀገሪቱ የድርቅ አካባቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አልቋል። መቶ የነበረው አሥር ሲተርፈው ዘር ያወጣል፤ አሥር የነበረው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን ያየ አርብቶ አደር ያለ ሌላ ዋስትና ከብት ቀንስ ቢሉት አይሰማም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የሀገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይህን በከፊል ተገንዝቦት ነበር። በ2010 ከሀገሪቱ 150 ሚሊዮን ቶን ልቀት ውስጥ 65 ሚሊዮኑ ከእንስሳት እርባታ መሆኑን፣ ምንም ካልተደረገም በ2030 ወደ 125 ሚሊዮን እንደሚያድግ አስልቶ፣ ከመኖና ከዝርያ ማሻሻል ጎን የበሬን ጉልበት በትራክተር መተካትንና የዶሮ እርባታን ማስፋፋትን አስቀምጧል። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር በየቤቱ እንዲበዛ ይጥራል። አቅጣጫው ትክክል ነው። ነገር ግን በየቦታው ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት መደበቅ የለበትም። የተዳቀለች ጊደር ትከፋፈላለች፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቁጥሩ በሪፖርት ይገባል፤ መኖው ግን አይከተልም። የተዳቀለች ጊደር በጭድ ብቻ ስትቀለብ ከአገር ላም ፈጥና ትከሳለች፤ ትታመማለች። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው፣ የወተቱን ዕቅድ አይቶ የመኖውን ገደል አለማየት ዋጋ ያስከፍላል።

ላም አለኝ በሰማይ

በመጨረሻም የካርቦን ገንዘብ የሚባለው ጉዳይ አለ። ገበሬው ልቀቱን ከቀነሰ የቀነሰውን ያህል ለውጭ ድርጅት ሸጦ ገንዘብ ያገኛል ይባላል። ዕድሉ አይናቅም። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ላም ያለው ገበሬ የላሙን ግሳት ለማስለካት፣ ለማስመዝገብና ለማስመርመር የሚወጣው ወጪ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል፤ ትርፉም በመካከል ባለው አማካሪና ደላላ ዘንድ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ያባቶች አባባል እዚህ ላይ ይሠራል። በሰማይ ያለችውን ላም ከመጠበቅ በፊት በበረት ያለችውን ማብላት ይቀድማል፤ የበረቷ ላም ወተት ዛሬውኑ ይጠጣል፣ ይሸጣልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መኖ ራሱን የቻለ የግብርና ሥራ ተደርጎ ይታይ፤ ዘሩ፣ ችግኙና ዩሪያው እንደ እህሉ ሁሉ ዕቅድና በጀት ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ የዘይት፣ የዱቄት፣ የቢራና የስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት በገበሬው ማኅበራት በኩል በቀጥታ ይድረስ፤ ጥራቱም በመርማሪ ይታይ። ሦስተኛ፣ ያለ መኖ ዋስትና የተዳቀለ ከብት አይታደል። አራተኛ፣ ከብት ቀንስ የሚለው ምክር ከመድን፣ ከቁጠባ፣ ከእንስሳት ሕክምናና ከእርሻ መሣሪያ ጋር አብሮ ይሂድ። አምስተኛ፣ የልቀት ልኬታችን በራሳችን ከብትና በራሳችን መኖ ላይ ይመሥረት፤ በሌላ ሀገር ላም ተለክተን አንወቀስ፣ አንወደስም።

የዚህ ሁሉ መለኪያው በአዳራሽ የሚነበበው ሪፖርት አይደለም። መለኪያው በሚያዝያና በግንቦት፣ ክምሩ አልቆ አዲሱ ሣር ገና ሳይደርስ፣ በገበሬው በረት የታሰረችው ላም ፊት ያለው መኖ ነው። በዚያ ወር የምትበላው ካገኘች፣ ጥጃዋ ይተርፋል፣ ወተቷ አይነጥፍም፣ ሰማዩም ከግሳቷ ድርሻውን ያህል ያርፋል። ካላገኘች ግን ስለ አየር ንብረት የምንናገረው ሁሉ በተራበች ላም ፊት የሚነበብ ንግግር ከመሆን አያልፍም።